ቀይ ቀበሯችን በብር ሳንቲም ላይ ትውጣ

ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች ሲመጡ ለልጆች ባለቀለም የብር ሳንቲም የሚያመጡበት ጊዜ ነው። ፊቱ ላይ ዝሆን፣ ቢራቢሮ ወይም ዓሣ በደማቅ ቀለም ታትሞበታል። እዚህ ደሴ ትልልቆቹ አገላብጠው ያዩትና «ቀለም የተቀባ ደግሞ ምን ብር ነው?» ይላሉ። እኔ አልስማማም።

ወሎ ብርን በሚዛን ያውቃል። ጠገራ ብር 28 ግራም ገደማ ነው፤ ከመቶው 83 እጁ ንጹሕ ብር። ስንቱ ጠገራ በብር ሠሪ እጅ ቀልጦ ድሪና አልቦ ሆኗል! ዛሬ ለሳንቲም ሰብሳቢዎች የሚሠራው የብር ሳንቲም አብዛኛውን ጊዜ 31.1 ግራም ይመዝናል፤ ንጽሕናውም ከ1000 እጅ 999 ነው። ቀለሙ ከላይ የሚታተም ስስ ሽፋን ስለሆነ ብሩን አያጎድለውም። ብቻ እንደ ጌጣችን አይታሽም፣ በሎሚም አይወለወልም፤ ቀለሙ ይለቃል።

በእርግጥ ይህ የቁጠባ ዕቃ አይደለም። ገዢው ከብሩ ዋጋ በላይ ለሥዕሉ፣ ለማሸጊያውና ጥቂት ብቻ በመሠራቱ ይከፍላል። ብር ሠሪ ጋ ሲወሰድ ግን የሚመዘነው ብሩ ብቻ ነው። ሥዕሉን የወደደ ይግዛው፤ አተርፍበታለሁ ያለ ይቅርበት።

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ፓላው የምትባል ትንሽ የደሴቶች አገር እ.ኤ.አ. በ1992 የባሕር ፍጥረቶቿን በባለቀለም ብር አወጣች። ሩዋንዳ በ2008 ጎሪላዋን በብር አስመታች። የጎረቤታችን የሶማሊያ ዝሆንማ በሰብሳቢዎች ዘንድ በየዓመቱ የሚጠበቅ ነው። እኛም እኮ ጀምረን ነበር! በ1970 ዓ.ም. በወጡት የዱር እንስሳት ሳንቲሞች ላይ ጢማሙ ጥንብ አንሳና ደጋ አጋዘን በብር፣ ዋልያ በወርቅ ተቀርጸዋል። ቀለም ግን አልነበራቸውም።

እዚሁ ደቡብ ወሎ፣ ቦረና ሳይንት ፓርክ ውስጥ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ አሉን። የቀበሮዋ ቀይ ጠጉር፣ የጭላዳው የደረት ቅላት ያለ ቀለም እንዴት ይታያል? ብሔራዊ ባንክ እነዚህን ለሰብሳቢ ያሳትም። ንድፉን የወሎ ሠዓሊዎች ተወዳድረው ይሥሩት። ከትርፉ ለፓርኩ ጠባቂዎች ድርሻ ይመደብ። ከመጀመሪያዎቹ ሳንቲሞችም ጥቂቱ ለደሴ ሙዚየም ይሰጥ፤ ተማሪዎች ከጠገራው ጎን ለጎን ይዩት።