ቀድሞ ያየው ሰው

ሐምሌ ላይ፣ ቅዳሜ ማታ፣ ጅማ ውስጥ ከቤቱ ወጥቶ የሚንጎራደድ ሰው ወይ ለከተማው እንግዳ ነው፣ ወይ ከሚስቱ ተጣልቷል። ዝናቡ ከቀትር በኋላ ጀምሮ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ያመሻል። ሂርማታም ሆነ መንደራ ጭቃው ለማንም አያዳላም። ስለዚህ ሰው በየቤቱ ይሰበሰባል፤ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ ጓደኛ ይጠራል፣ ቀን ከሰፈር ሱቅ በፍላሽ የተጫነው ፊልም ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ይሰካል። እንግዲህ የቀረው ፊልሙን ማየት ነው እንዳትሉኝ። ማየትማ ዓይን ያለው ሁሉ ያያል። እኛ ቤት ፊልም ይተረካል፣ ይተነተናል፣ ይፈረድበታል።

ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት የዚህን ሥርዓት አውራ ላመሰግን ነው፤ ፊልሙን ቀድሞ ያየውን ሰው።

በየቤቱ አንድ አይጠፋም። የእኛው የልጅነት ጓደኛዬ ሲሆን ባንክ ውስጥ ይሠራል። የደንበኛ ሒሳብ ስንት እንደሆነ የገዛ ሚስቱ ብትለምነው ከንፈሩን አያላቅቅም። ወንድሙ የተበደረውን ብድር እናቱ የሰሙት ከራሱ ከወንድሙ አፍ ነው። ይህን ሁሉ ምስጢር ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ቀትር ተሸክሞ የሚውል ሰው፣ ማታ አንድ ነገር መተንፈስ አለበት፤ የሚተነፍሰውም የፊልሙን መጨረሻ ነው።

አቀራረቡ በጨዋነት የተሞላ ነው። «ምንም አልናገርም» ብሎ ይጀምራል። ይህች ቃል እንደ ጭነት መኪና ጥሩንባ ናት፤ ከኋላዋ የሚመጣ ከባድ ነገር አለ። «ምንም አልናገርም፤ ግን ይህችን ሴትዮ ልብ በሏት።» ጥቂት ቆይቶ፣ «ያ ካፖርት ስንት ኪስ እንዳለው አያችሁ? ተውት፣ ተውት።» ከዚያ ደግሞ ሐዘን በተጫነው ድምፅ፣ «ይህን ልጅ ባትወዱት ይሻላችኋል።»

ይህን የመሰለ ርኅራኄ ከየት ይገኛል? በዚህ ዓለም ሰው የሚሞተው ድንገት ነው፤ መርዶውም ሰው ከእንቅልፉ ሳይነቃ በር እያንኳኳ ይመጣል። በእኛ ሳሎን ግን ሟቹ ከመሞቱ አርባ ደቂቃ አስቀድሞ እንረዳለን። ተረጋግተን እናዝናለን፣ በወጉ እንጽናናለን። ልጁ በጥይት ተመትቶ ሲወድቅ እኛ አቦሉን ጠጥተን፣ እንባችንን ጠርገን፣ ስለ ዘንድሮው የቡና ዋጋ እየተከራከርን ነው።

በዚህ የሚያማርሩ ምቀኞች አሉ። ባለፈው ዓመት አንድ ዘመዳችን ከአዲስ አበባ ከነሚስቱ መጥቶ ነበር። ሶፋው ላይ ተቀመጠ፣ እጁን አጣጠፈ፣ ዓይኑን ቴሌቪዥኑ ላይ ተከለ፣ ከዚያ በኋላ ትንፍሽ አላለም። አሥር ደቂቃ አለፈ። ባለቤቴ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። የባንኩ ጓደኛዬ «ምነው፣ አሞት ይሆን?» ብሎ በጆሮዬ ሹክ አለኝ። ጎረቤታችን ሚስትዮዋን ወደ ጓዳ ወስዳ መንገድ ላይ ተጣልተው እንደሆነ በዘዴ ጠየቀቻት። ሰውዬው ፊልም እያየ ነበር! ሰው ሰብስበው፣ ከሰል አቀጣጥለው፣ ዝም ብሎ ፊልም ማየት ምን ማለት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባንም። ብቻውን ሊያይ ካማረው ለምን ሰው ቤት ይመጣል?

ደግሞም ታሪክ ከእኛ ጋር ነው። የሊሚዬር ወንድማማቾች ገንዘብ ለከፈለ ተመልካች ለመጀመሪያ ጊዜ ፊልም ያሳዩት በ1888 ዓ.ም. ነው፤ ከአድዋ ድል ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብሎ። ቦታው የት ነበር ቢሉ፣ ፓሪስ፣ ግራንድ ካፌ የሚባል ቡና ቤት ምድር ቤት ውስጥ። ልብ በሉ፤ ቤተ መንግሥት አይደለም፣ ቲያትር ቤት አይደለም፣ ቡና ቤት ነው። ቡናው ደግሞ በዘር ማንዘሩ ከየት እንደሄደ ለጅማ ሰው አይነገረውም። እንግዲያው ፊልም የቡና ልጅ ነው፣ ቡና የእኛ ልጅ ነው፤ ስለዚህ አያት በልጅ ልጁ ላይ ቢያወራ ማን ይከለክለዋል? (ይህን የዘር ሐረግ የደረሰበት የባንኩ ጓደኛዬ ነው። እኔ ጸሐፊው ብቻ ነኝ።)

ጃፓኖች ይህን ቀድመው ገብቷቸው ነበር። ድምፅ አልባ ፊልም በነበረበት ዘመን፣ ቤንሺ የሚባሉ ሰዎች ከመጋረጃው ጎን ቆመው ለታዳሚው ታሪኩን ይተርኩ፣ የተዋናዮቹንም ቃል በየድምፃቸው ይናገሩ ነበር። አንዳንዱ ቤንሺ ከተዋናዩ በላይ ዝና ነበረው፤ ሰው ትኬት የሚቆርጠው እርሱን ለመስማት ነው። ኋላ ድምፅ ያለው ፊልም መጣና ሥራቸውን አሳጣቸው። ጅማ ብትሆን ኖሮ አንዳቸውም ሥራ አይፈቱም ነበር። እኛ ጋ ፊልሙ ቢናገርም ባይናገርም ቤንሺው ይናገራል። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የቱርክን ተከታታይ ድራማ በአማርኛ ድምፅ እያቀረበ ብቅ ሲል፣ ጓደኛዬ ከእንግዲህ ምን ይሠራ ይሆን ብዬ አዝኜለት ነበር። በከንቱ ነው ያዘንኩት። ሰውዬው በጠራ አማርኛ «እወድሻለሁ» ይላታል፤ የእኛው ሰው ወደ እኛ ዘወር ብሎ «ወደዳት» ይለናል።

የቤታችን አቀማመጥም ለሥርዓቱ የተመቸ ነው። ሶፋው ለእንግዳ ነው። ቀድሞ ያየው ሰው ግን በሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ፊቱን ግማሽ ወደ እኛ አድርጎ ይቀመጣል። ጀርባውን ለፊልሙ የሚሰጠው ስለማያስፈልገው ነው። ሪሞቱ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ከነላስቲኩ ነው፤ የሚይዘው ባለቤቴ ናት። ቁልፎቹ በላስቲኩ ላይ በጥፍር ካልተወጉ አይታዘዙም። ባለቤቴ ፊልሙን የምታቆመው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፦ «ይህን ሰውዬ የት ነው የማውቀው?» በዚህ ጥያቄ ላይ ጉባኤው ለሩብ ሰዓት ይመክራል። አንድ ጊዜ የተደረሰበት መደምደሚያ ሰውዬው ተዋናይ ሳይሆን የአክስቷን ባል የሚመስል መሆኑ ነበር። ፊልሙ ቀጠለ፤ እኛ ግን ስለ አክስቷ ባል ቀረን።

ስልኩ ላይ አፍጥጦ በየመሀሉ «ማን ሞተ?» የሚለውን አልፈዋለሁ። መሳሳም ሲመጣ «መስኮቱን ልዝጋ» ብሎ የሚነሣውን አባወራም አልፈዋለሁ፤ እርሱ እኔ ነኝ። አርፍደው የሚመጡትን ግን ማለፍ ግፍ ይሆናል። ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ፣ ጃንጥላቸውን እያራገፉ ባልና ሚስት ይገባሉ፤ ሰላምታው ተራ በተራ ይዳረሳል፣ ልጆች ደኅና መሆናቸው ይጣራል፣ ከዚያ ባልየው «የት ደረሰ?» ይላል። በዚያች ቅጽበት የባንኩን ጓደኛዬን ፊት ብታዩት! ያለፈውን ሊተርክ፣ የሚመጣውን ሊጨምር፣ ሕጋዊ ፈቃድ ተሰጥቶታል።

ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው ይባላል። ጎረቤታችን ረከቦቱን ይዛ በቴሌቪዥኑ ፊት ስታልፍ አምስት ሰከንድ ይፈጃል፤ 120 ምስል ሄደ። ስኒ ልትለቅም ስትመለስ ሌላ 120። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልን፣ የፈንዲሻውን ምልልስ ሳንቆጥር፣ በስኒ ጀርባ የተፈጸመው ግድያ ብዙ ነው። ታዲያ ቀድሞ ያየ ሰው ባይኖር ገዳዩን ማን ይነግረን ነበር?

አሁን ወደዚያች ቅዳሜ ልምጣ።

ፊልሙ የካውቦይ ነበር። ጎረቤታችን እናቷን ይዛ መጣች፤ እማማ ከገጠር ለሕክምና የመጡ፣ አማርኛ ብዙ የማይሰሙ፣ ለቴሌቪዥን ግን ልዩ ፍቅር ያላቸው አሮጊት ናቸው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይዞታልና የፊልሙ ድምፅ ከነጭራሹ አይሰማም። አሠራሩ እንዲህ ሆነ፦ ካውቦዩ በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ ንግግሩ ከታች በጽሑፍ ይወጣል፤ የባንኩ ጓደኛዬ አንብቦ፣ የሚመጣውን ጨምሮ፣ በአማርኛ ይተረጉማል፤ ጎረቤታችን ተቀብላ በአፋን ኦሮሞ ለእናቷ ታቀብላለች። እማማ ያስቡበታል። ጥያቄ ካላቸው በዚያው መንገድ ወደ ላይ ይወጣል፤ ይህ ሲሆን ካውቦዩ ሁለት ከተማ አልፏል።

ሰውዬውን ጠላቶቹ ከመንደሩ ጀምሮ በፈረስ እያባረሩት ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ተባረረ። ባንከኛው በሦስት ቦታ ሊደበቅ ሲል አጋለጠው፤ በአንድ ቦታ ደግሞ የሚከዳውን ወዳጁን ገና ሳይተዋወቁ አሳበቀበት። በመጨረሻ እማማ አንድ ነገር ጠየቁ። ልጃቸው ሳቀችና ተረጎመችልን፦

«ይህ ሰው ይህን ሁሉ ቀን ሲባረር፣ ከብቶቹን ማን ይጠብቅለታል?»

ጸጥ አልን። ፊልሙ ሲጀምር ሰውዬው በእርግጥ ከብቶች ነበሩት፤ አጥር ሲያጥር አይተነዋል። ከዚያ በኋላ ያስታወሳቸው የለም። ባለሙያ ነን በሚሉ ሰዎች የተሰጠ ብዙ የፊልም ትችት አንብቤያለሁ፤ እንደዚህች አንዲት ጥያቄ የበረታ አላጋጠመኝም። የባንኩ ጓደኛዬ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ገጠመው። ሳውቀው ለመጀመሪያ ጊዜ «አሁን ታያላችሁ» አላለም።

ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው መብረቅ ብልጭ አለና መብራቱ ሄደ። ከሰፈሩ ልጆች «ሄደ!» የሚለው ኅብረ ዝማሬ ተሰማ። ከእኛ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ኃይል የሚያመነጨው፣ 184 ሜጋ ዋቱ የግልገል ጊቤ ግድብ አለ። በአውቶቡስ ባለፍን ቁጥር ሐይቁን በኩራት ለልጆቻችን እናሳያለን። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ሐይቁ እንደሚሞላ እናውቃለን፤ በዚያው ዝናብ ደግሞ ሻማ እንፈልጋለን።

ሻማው በራ። ባለቤቴ ሪሞቱን ከነላስቲኩ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና «በል እንግዲህ አንተ፣ ጨርስልን» አለችው።

ለሃያ ዓመት ሳይጠየቅ የተናገረ ሰው ሲጠየቅ ደነገጠ። ጉሮሮውን ጠረገ። ከሰሉን አየ። እማማን አየ። ከዚያም ጀመረ። ሰውዬው ታናሽ ወንድም አለው አለን፤ እስካሁን ያላየነው ከመንደሩ ስላልወጣ ነው። ያ ወንድም ይህን ሁሉ ጊዜ ከብቶቹን ይጠብቅ ነበር። በድርቁ ወራት ወንዝ ለወንዝ ይዟቸው ዞረ፤ አንዲቷ ጊደር ወለደች፣ መንታ። ጠላቶቹ ሊነዱበት ሲመጡ ሌሊቱን ጫካ አሳደራቸው። ታላቅየው ቆስሎ፣ ፈረሱን እየጎተተ፣ በመጨረሻ ከተራራው ጫፍ ብቅ ሲል ከታች አጥሩ እንዳለ ነው፤ ጢስ ይታያል፤ ላሞቹ ይጮኻሉ። ወንድሙ ቆጥሮ አስረከበው።

አሥር ደቂቃ የቀረው ፊልም በእርሱ አፍ አንድ ሰዓት ፈጀ። ማንም አላቋረጠውም። በረካው ስኒው ውስጥ በረደ። ጎረቤታችን ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር ታቀብል ነበር፤ መንታዎቹ ጥጆች ላይ ስትደርስ እማማ እጃቸውን አንሥተው መረቁ፤ ማንን እንደመረቁ አልጠየቅንም።

ሰኞ ማለዳ መብራት መጣ። ባለቤቴ ገበያ ወጥታ ስለነበር በሩን ዘግቼ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጌ፣ የቀረውን አሥር ደቂቃ ብቻዬን አየሁ። ወንድም የለም። ከብት የለም። ሰውዬው በረሃ ውስጥ ከፈረሱ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ፤ ፈረሱ ጥቂት አሸተተውና ሄደ፤ ጽሑፍ መውጣት ጀመረ። ጓደኛዬ ይህን ፊልም ሁለት ጊዜ አይቶታል።

ባለቤቴ ዘንቢሏን ይዛ ስትገባ ፍላሹን እየነቀልኩ ደረሰችብኝ።

«ጫፉን አየኸው?»

«አላየሁም፤ ተበላሽቷል መሰለኝ። ላጠፋው ነው።»

ፊቴን ጥቂት አየችው፤ ከዚያ ሽንኩርቱን ማውጣት ጀመረች።

«እንግዲያው ለቅዳሜ ሌላ አስጭንበት፤ እርሱ ያየውን ይሁን ግን» አለችኝ።