እርማት፦ ከአዳማ ወደ አዋሽ ስላለው ግጦሽ

ሰላም ለሁላችሁም። ከአዳማ በመተሐራ በኩል ወደ አዋሽ ስላለው የግጦሽ መሬት ብዙዎቻችሁ «የሳተላይት ምስሉ አረንጓዴ እየሆነ ነው፤ ሙቀቱም ካርቦኑም ለሣሩ ተስማምቶታል» ስትሉ አየሁ። አረንጓዴ መታየቱ አንድ ነገር ነው፤ ሣር በዝቷል ማለት ግን አይደለም።

ሳተላይቱ የሚያየው ቅጠልን ነው፤ ከብት የሚበላውንና የማይበላውን አይለይም። አብዛኞቹ የቆላ ሣሮች ካርቦን ዳይኦክሳይድን በቅጠላቸው ውስጥ የሚያከማቹበት የራሳቸው መላ ስላላቸው፣ አየሩ ላይ ሲጨመር ያን ያህል አያተርፉም። ግራርና ቁጥቋጦ ግን ያተርፋሉ። ልቅ ግጦሽ ሲታከልበት ደግሞ እሾሁ የሣሩን ቦታ ይወርሳል። በአፋር የተስፋፋው ፕሮሶፒስ የሚባለው መጤ እሾሃማ ዛፍማ በደረቅ ወራትም ለምለም ነው!

ማረጋገጥ ለምትፈልጉ፦ ጉግል ኧርዝ ላይ የታኅሣሥና የጥር ምስሎችን፣ የድሮውን ከአሁኑ ጋር አስተያዩ። በእነዚያ ወራት ሣሩ ደርቆ ይገረጣል፤ ነጠብጣብ ሆኖ አረንጓዴ የሚታየው በአብዛኛው ቁጥቋጦ ነው። ከተመቻችሁ ወርዳችሁ ከሥሩ ያለውን መሬት እዩት፤ ብዙ ጊዜ ባዶ አፈር ነው።

ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩት፣ «ግጦሹ ጨምሯል» የሚለውን አምኖ ከብት ያበዛ፣ ድርቆሽም ያላስቀመጠ አርብቶ አደር በጋው ላይ ከብቱ ስለሚያልቅበት ነው።