ውዳሴ ለመጀመሪያው መስመር

የአንድ የኤንቢኤ (የአሜሪካው ቅርጫት ኳስ ሊግ) ተጫዋች ወኪል ማን እንደሆነ ለማወቅ የተጫዋቹን ስም ጽፎ፣ አጠገቡ «ኤጀንት» ጨምሮ፣ ከላይ የወጣውን መስመር ገልብጦ የሚበርረውን ወገናችንን ሳናወድሰው ብንቀር ግፍ ይሆንብናል። እሰየው! ሌላው ገጽ እየከፈተ ዓይኑን ሲያደክም እሱ ስም አግኝቶ፣ ስክሪንሾት አንስቶ፣ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ለጥፎ ጨርሷል። ጽሑፉ መቼ እንደወጣ ማየት የተጠራጣሪ ሰው አመል ነው።

ለነባሩ ያለው ታማኝነት በተለይ ይደነቃል። የሌብሮን ጄምስ ወኪል ማነው ብትሉት ዓይኑን ሳያሽ «ሊዮን ሮዝ» ይላችኋል። ሌብሮን በ2012 ወደ ሌላ ወኪል፣ ወደ ሪች ፖል መሄዱ፣ ሮዝም በ2020 የኒውዮርክ ኒክስ ፕሬዚዳንት መሆኑ ምን አገባው? የኮቢ ብራያንት ወኪል የነበረው ሮብ ፔሊንካ በ2017 የሌከርስ ጄኔራል ማናጀር ሆነ፤ ቦብ ማየርስም ወኪልነቱን ትቶ በ2012 ጎልደን ስቴት ውስጥ ያንኑ ወንበር ያዘ። ለተጫዋች ደሞዝ ሲከራከሩ የኖሩ ሰዎች ተሻግረው ከከፋዩ ወገን ተቀመጡ ማለት ነው። ወገናችን ግን «ተጫዋችዎን ለዝግጅታችን ይፍቀዱልን» እያለ በቀድሞ ሥራቸው ይጽፍላቸዋል።

ሁለተኛው ጸጋው አድልዎ አለማወቁ ነው። ውል የሚደራደረው፣ የማስታወቂያ ሥራ የሚይዘው፣ የሕዝብ ግንኙነቱ፣ ኢንስታግራም ላይ ከተጫዋቹ ጋር ፎቶ የተነሣው የአጎት ልጅ፣ ሁሉም ለእሱ «ኤጀንት» ናቸው። ሉካ ዶንቺች ዳላስ ሳለ የቡድን ውሉን ቢል ደፊ ይይዝለት ነበር፤ የንግድ ጉዳዩን ደግሞ ላራ ቤዝ ሲገር። የመጠጥ ማስታወቂያ ይዞ የውል ተደራዳሪውን በር ያንኳኳ ሰው መልስ ቢያጣ ጥፋቱ በእርግጥ የባለ በሩ ነው። ቃለ ምልልስ ብቻ የፈለገም የቡድኑን የሚዲያ ክፍል ቢጠይቅ ይበቃው ነበር፤ ግን እሱ ምን ክብር አለው?

ያልታደሉት እንዲህ ይለፋሉ። መጀመሪያ ስፖትራክ ወይም ሁፕስሃይፕ የተባሉ ድረ ገጾች ላይ ከተጫዋቹ ስም ጎን የተጻፈውን ወኪልና ድርጅት ያያሉ። እነዚህ ገጾች ዘግይተው ስለሚታደሱ ሁለቱን ያስተያያሉ። ካልተስማሙ ተጫዋቹ መጨረሻ የፈረመበትን ውል ዜና ይፈልጋሉ፤ ዘጋቢው ብዙ ጊዜ ውሉን የነገረውን ወኪል በስም ይጠራልና፣ ቀኑም እዚያው አለ። ከዚያ የኤንቢኤ ተጫዋቾች ማኅበር ሰውየውን መመዝገቡን ያረጋግጣሉ፤ ማኅበሩ ፈተና ላላለፈ ፈቃድ አይሰጥም። በስተመጨረሻ ለድርጅቱ ቢሮ ደውለው አንዲት ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ «እሱን የምትወክሉት ለውል ነው ለማስታወቂያ?» ተጫዋቹ አውሮፓ ወይም ባስኬትቦል አፍሪካ ሊግ ውስጥ ከሆነ ፊባ (ዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ፈቃድ የሰጣቸውን ወኪሎች ዝርዝር ይጨምራሉ፤ እዚያ አንድ ተጫዋች አንድ አሜሪካዊ፣ አንድ የአገሬው ወኪል ሊኖረው ይችላል። የኮሌጅ ልጅ ከሆነ ደግሞ የማስታወቂያ ሥራውን የሚይዝለት ሰው የነገ የኤንቢኤ ወኪሉ ላይሆን ይችላል። አቤት ድካም!

«ወኪሉን አባረረ» የሚል ዜና የወጣ ቀን ደግሞ ወገናችንን ማየት ነው። በማኅበሩ ደንብ ተጫዋቹ የስንብት ደብዳቤ ከሰጠ በኋላ 15 ቀን ሳይሞላ ከሌላ ወኪል ጋር አይፈርምም። በእነዚያ 15 ቀናት ትክክለኛው መልስ «አዲስ ወኪል ገና የለውም» ነው። ወገናችን ግን ባዶ ቦታ ሲያይ አይችልም፣ ሦስት ስም ይሞላበታል። አዲሱ ወኪል ከተፈረመ በኋላም የቀድሞው፣ ራሱ ከተደራደረው ውል ቢበዛ 4 በመቶ ድርሻውን እስከ ውሉ ማብቂያ ይወስዳል፤ በ10 ሚሊዮን ዶላር ደሞዝ 400,000 ዶላር ማለት ነው። ስለዚህ «እስካሁን ይከፈለዋል» የሚለው ወሬ እውነት ሆኖ፣ «ስለዚህ ወኪሉ እሱ ነው» የሚለው ሐሰት ይሆናል። እንዲህ ያለ ነገር ቴሌግራም ላይ አይመችም።

ሁነኛው ሽልማት ግን የሚመጣው በኢሜይል ነው። እውነተኛ ቢሮ ሳምንት ቆይቶ፣ ያውም ከመለሰ፣ ይመልሳል፤ የወገናችን «ወኪል» በደቂቃዎች ውስጥ ይጽፍለታል። አድራሻው ጂሜይል ነው፣ የታወቀው ድርጅት ስም አንዲት ፊደል ተጨምሮበት ገብቷል። ተጫዋቹ በመምጣቱ በጣም ደስ ብሎታል፤ ቀኑን ለመያዝ የምትፈለገው ትንሽ ቅድሚያ ክፍያ ብቻ ናት፣ ያውም በስጦታ ካርድ፤ ከጀርባው ያለውን ቁጥር ፍቆ፣ ፎቶ አንስቶ መላክ ነው። ወገናችን ፍቆ ልኳል፤ ፖስተሩንም ማተሚያ ቤት አስገብቷል።