ለበር ላይ ሐኪሞች ምስጋና ሲያንስ ነው

አንዳንድ ሰው ነገር ሲበላሽበት ጠጋ ብሎ ያያል። ምስኪን! ጊዜ ተርፎት መሆን አለበት። እኛ ደብረ ብርሃን ላይ እንዲህ ያለ ቅንጦት የለንም። የፎቶ ቤቱ ካሜራ ከላፕቶፑ ጋር አልግባባም ካለ በሩ ላይ እንቆምና፣ እጃችንን ከጋቢያችን ሳናወጣ «ቫይረስ ነው» እንላለን። አለቀ። ምርመራ የለ፣ ጥያቄ የለ፣ ካርድ ማውጣት የለ። ሐኪም ቤቱም እንዲህ ቢፈጥንልን የት በደረስን!

ይህን ሙያ የሚያጣጥሉ አሉ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይሉናል። እስኪማሩ ድረስ ራስን ገልጦ መቀመጥ ነው በዚህ ብርድ? መጀመሪያ ይጠምጠም፤ መማሩ ይደርሳል።

ነገሩን ለማያውቅ በአጭሩ ላስረዳ። ፎቶ ቤቶች ካሜራውን በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር ያያይዙታል። ፎቶ አንሺው ሲጫን ምስሉ ወዲያው ትልቁ ስክሪን ላይ ይመጣል። ለካኖን ኢኦኤስ ዩቲሊቲ፣ ለኒኮን ኤንኤክስ ቴዘር የሚባሉ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ። ከፍሎ ለሚሠራ ደግሞ ላይትሩምና ካፕቸር ዋን አሉለት። ለምረቃ ፎቶ ይህን የመሰለ ነገር የለም። ተመራቂዋ ዓይኗን ጨፍና እንደሆነ እዚያው ይታያል። ቆቡ ከተንጋደደ እናት ታየዋለች፤ እናት ያላየችው ነገር ደግሞ እስካሁን አልተገኘም። ድሮ ጉዱ የሚታወቀው ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ነበር። ያኔ ተመራቂዋ ገዋኑን መልሳ አገሯ ገብታለች።

ይህ ሁሉ ታዲያ የተንጠለጠለው በአንዲት ገመድ ላይ ነው። ገመዷን ግን ማንም አያያትም። ትንሽ ናት። ትልቅ ሰው ትንሽ ነገር አይጠረጥርም።

ባለፈው የምረቃ ሰሞን ከዩኒቨርሲቲው ብዙም በማይርቅ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ሆኜ ይህን ጥበብ በዓይኔ አየሁ። የፎቶ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ሁሉም ጋ ያው ነው። ተመራቂዎቹ አበባ ይዘው ተሰልፈዋል። ውጪ ዝናቡ ይወርዳል። ባለቤቱ ካሜራውን ያበራል፣ ላፕቶፑ «ካሜራ አልተገኘም» ይላል። ያጠፋል፣ ያበራል፣ አሁንም አልተገኘም። ካሜራው እኮ ላፕቶፑ አጠገብ ነው!

መጀመሪያ የደረሰው ጎረቤቱ ጫማ ሻጭ ነው። «ቫይረስ ነው» አለ፣ ከበሩ። ካሜራን ቫይረስ እንዴት ይይዘዋል ብሎ የጠየቀ የለም። ደግሞስ ማን ይደፍራል? ሰውየው እርግጠኛ ነው። ቀጥሎ የባጃጅ ሹፌር መጣ። «ፎርማት አድርገው፣ ይለቅሃል። የእኔም ስልክ እንደዚህ ሆኖ ነበር።» ላፕቶፑ ውስጥ ገና ያልተሰጡ፣ ፎርማት ቢደረግ የሚጠፉ የሰርግ ፎቶዎች አሉ። ሙሽሮቹ ግን እዚያ ስላልነበሩ ድምፅ አልሰጡም። ከአጠገቡ የባንክ ጥበቃው ብቅ ብለው «ከመብራቱ ነው፤ መጣ ሄደ እያለ አቃጥሎት ነው» አሉ። ላፕቶፑ በዚያ ሰዓት በራሱ ባትሪ ነበር የሚሠራው። መብራቱ ግን ለወትሮው ጥፋተኛ ስለሆነ ዛሬም አልከበደውም።

ልጃቸውን ሊያስመርቁ ከመሐል ሜዳ የመጡ አንድ አጎት ደግሞ በርኖሳቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው ቀረቡ።

«ኧረ እፍ በልበት ልጄ!»

«አባቴ፣ እሱ እኮ...»

«እፍ በልበት ነው የምልህ! አቧራ ገብቶበት ነው።»

ካሜራው ቀዳዳ ላይ እፍ አሉበት። ላፕቶፑ ቀዳዳ ላይም እፍ አሉበት። እንዳያዳላ ብለው ይመስለኛል ፍላሹ ላይም ደገሙት።

መሐል ላይ ስኒ ልትሰበስብ የገባች ቡና ሻጭ ልጅ «ገመዱ ትናንት ሌላ አልነበር እንዴ?» አለች። ቡና ማፍላት ሙያዋ ስለሆነ ማንም ልብ አላላትም። ስኒዋን ይዛ ወጣች።

ከዚያ ሕዝባዊው ርብርብ ተጀመረ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ አንዱ ላፕቶፑን ሪስታርት ሲያደርግ ሌላው የካሜራውን ባትሪ አውጥቶ ብብቱ ሥር ያሞቃል። ሦስተኛው አንቲቫይረስ ያስነሳል። አራተኛው ገመዱን ነቅሎ መሳቢያ ውስጥ ካገኘው ሌላ ገመድ ጋር ቀየረና በግራ የነበረውን በቀኝ ሰካው። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ነው። ካሜራው ሠራ! እልል ተባለ። ጫማ ሻጩ «አላልኳችሁም?» አለ። የባጃጁም ሰው «አላልኳችሁም?» አለ። አጎትዬው ምንም አላሉም፤ እፍ ያሉበትን አፋቸውን በኩራት ጠረጉ።

የዚህን አሠራር ውበት የማይረዳ ሰው «አንድ በአንድ ቢሞከር እኮ የትኛው እንዳዳነው ይታወቅ ነበር» ይላል። ታውቆ ምን ሊደረግ? ምክንያቱ ከታወቀ ነገ ማን ይሰበሰባል? ፈውሱ የሁሉም ስለሆነ ምስጋናውም የሁሉም ነው። በማግስቱ ባለቤቱ ያንኑ የፊተኛውን ገመድ አንስቶ ሰካውና ካሜራው እንደገና ጠፋ። ሰዉም እንደገና መጣ። እድር እንኳ በተከታታይ ቀን እንዲህ አይሟላም።

የዚያን የፊተኛውን ገመድ ነገር ልንገራችሁ። የስልክ ቻርጀር ገመድ ነው። ጫፉ ካሜራው ላይ ልክ ይገጥማል። ለእኛ ደግሞ ገጠመ ማለት ተስማማ ማለት ነው። ተራ የዩኤስቢ ገመድ ውስጡ አራት ሽቦ አለው። ሁለቱ ኤሌክትሪክ ያመጣሉ፣ ሁለቱ መረጃ ያመላልሳሉ። ርካሹ የቻርጀር ገመድ ውስጥ አንዳንዴ የመረጃዎቹ ሁለት ሽቦዎች ጭራሽ የሉም። ስልክ ይሞላል፣ መብራት ያበራል፣ ፎቶ ግን አያሳልፍም። ታዲያ ስልክ ተሰክቶበት ሲሞላ ያየ ሁሉ «ገመዱማ ይሠራል!» ብሎ ይመሰክርለታል። ገመድ በሕይወቱ ይህን ያህል የሰው ምስክር ማግኘቱ ራሱ ክብር ነው።

የርዝመቱን ጀግኖችም ሳላነሳ አላልፍም። አንዱ ላፕቶፑን ዝናብ እንዳይነካበት ቤት ውስጥ አስቀምጦ፣ ካሜራውን ይዞ ግቢው ውስጥ ካለው ጽድ ሥር ወጣ። ገመድ በገመድ ላይ ቀጠለ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ተብሏል፤ ገመድ ሲያብር ግን ካሜራም አላሰረ። የዩኤስቢ 2.0 ገመድ መሐል ላይ ማጉያ ካልገባለት ወሰኑ 5 ሜትር ነው። ፈጣኑ 3.0 ደግሞ ይብሳል፤ 3 ሜትር ገደማ ላይ ነው የሚያስተማምነው። የእኛ ሰው ግን 3 ከ2 ይበልጣል ብሎ 3.0 ገዛና የበለጠ አረዘመው። ሒሳቡ ልክ ነው። ያልተማረው ገመዱ ነው።

ሌላው የምወደው ሁሉንም ፕሮግራም መክፈት ነው። «አንዱ ይይዘዋል» ይባላል። ኢኦኤስ ዩቲሊቲ ይከፈታል፣ ላይትሩም ይከፈታል፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሦስተኛም ይጨመራል። ካሜራው በአንድ ጊዜ የሚታዘዘው ለአንድ ብቻ ነው። አንዱ ቀድሞ ከያዘው ሌላው በር ላይ ቆሞ ይቀራል። ሊኑክስ ላይማ ሲስተሙ ራሱ ካሜራውን እንደ ፍላሽ ዲስክ ከፍቶ ይይዘውና ጂፎቶ2 የሚባለው ፕሮግራም ባዶ እጁን ይመለሳል። ላይትሩሙ ደግሞ ከጓደኛ የተገኘ፣ ሳይከፈልበት ቁልፉ የተሰበረ ክራክ ነው፤ አይታደስም። ካሜራው ሳይወለድ የወጣ ፕሮግራም ካሜራውን አላወቀውም ብለን እንቆጣለን።

ሜኑ የሚያነብማ የለም። በብዙ የካኖን ካሜራዎች ዋይፋዩ ከበራ በገመድ መሥራት አይቻልም። ትናንት ማታ ፎቶ ወደ ስልኩ ለመላክ ያበራው ሰው ዛሬ ጠዋት ገመዱን ይረግማል። ሶኒ ላይ የዩኤስቢ ግንኙነቱ «ፒሲ ሪሞት» ካልተባለ ኮምፒውተሩ ካሜራውን የሜሞሪ ካርድ ማንበቢያ አድርጎ ያየዋል። ዊንዶውስም ኃይል ልቆጥብ ብሎ የዩኤስቢ ቀዳዳውን ያስተኛል፤ ካሜራውም ሳይነካ ከቆየ ይተኛል። ሁለት የተኙ ዕቃዎችን «ለምን አትነጋገሩም?» ብሎ መቆጣት ግን የሚያምርብን እኛን ነው።

«ብርዱ ነው» የሚሉትንስ? ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ስለዚህ ለማንኛውም ጥፋት ተጠያቂ አላት። እውነቱን ለመናገር ብርዱ አንዳንዴ እጁ አለበት። ሊቲየም ባትሪ ሲበርደው አቅሙ ይወርዳል። ጓሳ ላይ ጭላዳ ሊያነሳ በማለዳ የወጣ ሰው ይህን ያውቃል፤ ትርፍ ባትሪውን ደረት ኪሱ ውስጥ አሙቆ ይይዛል። ቀኑን ሙሉ ከኮምፒውተር ጋር ተያይዞ የሚውል ካሜራም ባትሪ ቶሎ ስለሚጨርስ፣ በባትሪው ቦታ ገብቶ ከሶኬት የሚመገብ መሣሪያ ተሠርቶለታል። ፎቶ ቤቱ ውስጥ ግን በዚያ ሁሉ ሰው ትንፋሽ መስታወቱ አልቦ ነበር። ቢሆንም ብርዱን መክሰስ ጥሩ ነው። ይግባኝ አይልም።

አሁን ወደ ጥፋተኛው እንምጣ። በሁለተኛው ቀን ሕዝቡ ተሰብስቦ ሙያውን ሊጀምር ሲል ገዋን ሊከራይ የመጣ አንድ ተማሪ ከኋላ «ትናንት ሲሠራ የነበረው በየትኛው ገመድ ነው?» አለ። እንዴት ያለ ድፍረት ነው! ጫማ ሻጩ ከላይ እስከ ታች አየው። ልጁ መልስ ሲያጣ የተሰካውን ገመድ ነቀለና የራሱን ስልክ በእሱ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘው። ስልኩ መሙላት ጀመረ። ላፕቶፑ ላይ ግን ምንም የተከፈተ ነገር የለም። መሳቢያውን ከፍቶ ሌላኛውን ገመድ አወጣና ያንኑ ስልክ፣ እዚያው ቀዳዳ ላይ ሰካው። አሁን የስልኩ ፋይሎች መጡ። በዚሁ ገመድ ካሜራውን አያያዘ። ሠራ።

እዚህ ላይ ቢያቆም ይቅር እንለው ነበር። እሱ ግን የሚሠራውን ነቀለና የማይሠራውን መልሶ ሰካ! ካሜራው ጠፋ። አጎትዬው ደነገጡ።

«ሲሠራ ምን ነካህ ልጄ?»

«እሱ መሆኑን ላረጋግጥ ብዬ ነው አባባ።»

«ሠርቶ የለ! ምን ማረጋገጥ ያስፈልገዋል?»

ልጁ ጥሩውን መልሶ ሰካ፤ ካሜራው ተመለሰ። እልልታ የለ፣ ጭብጨባ የለ። ላፕቶፑ ፎርማት አልተደረገ፣ ባትሪ ብብት አልገባ። ሰዉ አንድ በአንድ ወደየሥራው ተበተነ። የደረቀ ነገር ነው። አገር የሚያቀዘቅዘው እንዲህ ያለ ሰው ነው እንጂ የአንኮበር ነፋስ አይደለም።

ከመሄዱ በፊት ነጭ ፕላስተር ቆርጦ በጥሩው ገመድ ጫፍ ላይ ጠቀለለና በእስክሪብቶ «የካሜራ ገመድ። ጥሩ ነው» ብሎ ጻፈበት። የቻርጀሩን ገመድ ባለቤቱ «ለክፉ ቀን ይሆናል» ብሎ መሳቢያ ውስጥ መለሰው።

በሚቀጥለው ሳምንት ባልፍ የባንኩ ጥበቃ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ስልካቸው ከግድግዳው ሶኬት ጋር ነጭ ፕላስተር ባለበት ገመድ ተያይዟል። ባለፎቶ ቤቱ እየሮጠ መጣ።

«ጋሼ! ይሄ እኮ የካሜራው ነው፣ ተጽፎበታል!»

«አንብቤዋለሁ» አሉ ጥበቃው። «ጥሩ ነው ይላል። ታዲያ ለስልኬ መጥፎውን ልሰካ?»