ሀገር በቀል ይግባኝ

ፈረንጆቹ ደከሙ። የአውሮፓ ኅብረት በ2022 የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ የሚባል ረጅም ሰነድ አወጣ፤ ከፌብሩዋሪ 17 ቀን 2024 ጀምሮም ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ አዋለው። አንቀጽ 21ን የጻፉት የዋሆች፣ ፌስቡክ ወይም ቲክቶክ አካውንቱን የዘጋበት ሰው ፍርድ ቤት ሳይንከራተት ጉዳዩን ከኩባንያው ውጭ ለሆነ ገለልተኛ አካል ቢያቀርብ ደስ ይለዋል ብለው አሰቡ። ደብሊን ላይ አፒልስ ሴንተር ዩሮፕ የሚባል እንዲህ ያለ አካል ተከፈተ፤ ጀርመን ውስጥ ዩዘር ራይትስ ፈቃድ አገኘ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ቅጽ አዘጋጅተው ተቀመጡ። የስቶክሆልሙ፣ የፍራንክፈርቱና የሮማው ሐበሻ ግን ቅጽ የሚሞላበት ጊዜ የለውም። ላይቭ ገብቷል።

ይህን ጥበብ ሳያመሰግኑ ማለፍ ንፉግነት ነው። አያቶቻችን ዋርካ ሥር ነጠላቸውን አጣፍተው «በላ ልበልሃ» ሲባባሉ ዳኛውም ባላጋራውም ፊታቸው ነበሩ። እኛ አሻሽለነዋል፤ ዳኛም ባላጋራም በሌሉበት እንሟገታለን። አካውንቱ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ቢዘጋ፣ ከእኩለ ሌሊት በፊት በዚያው ስልክ፣ በዚያው ቁጥር፣ በዚያው ፎቶ «አዲሱ ፔጄ» ይከፈታል። ኩባንያው በመጀመሪያው እገዳ ተሳስቶ ሊሆን ይችል ነበር፤ የዘጋው ማሽን ነው፣ ማሽን ይሳሳታል። እኛ ግን በጥርጣሬ አንተወውም። እገዳን በሌላ አካውንት መሸሽ ራሱን የቻለ ጥፋት እንደሆነ የአገልግሎት ውሉ ስለሚናገር፣ ያልነበረውን ጥፋት ፈጽመን እናስረክበዋለን። ስልኩም ቁጥሩም አንድ ነውና ፍለጋ እንኳ አያደክመውም። እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ መሆናችን ዝም ብሎ አልተወራም።

የኢሜይል አያያዛችንም ይወደስ። በአውሮፓው ሕግ አንቀጽ 17 መሠረት ኩባንያው አካውንት ሲዘጋ የምክንያት መግለጫ መላክ ግዴታው ነው። እገዳው ምን ዓይነት እንደሆነ፣ በየትኛው ድርጊት ላይ እንደቆመ፣ ውሳኔው ላይ ማሽን ገብቶበት እንደሆነ፣ ተጣሰ የተባለው የሀገር ሕግ ይሁን የውል አንቀጽ፣ ይግባኙም የት እንደሚባል በዚያ ይዘረዘራል። ገለልተኛው አካል መጀመሪያ የሚፈልገው ወረቀት እሱ ነው። እሱ ከሌለ ክርክሩ ስለ ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። መግለጫው በኢሜይል ይመጣል፤ ኢሜይሉን የከፈተልን ግን ስልኩን የሸጠልን ልጅ ነው፤ የይለፍ ቃሉንም የሚያውቀው እሱ ነው፤ እሱ ደግሞ አሁን ካናዳ ገብቷል። ስለዚህ ለምን እንደተዘጋን አናውቅም። ማን እንዳዘጋን ግን በስም እናውቃለን።

ያ በስም የታወቀው ሰው ላይ ዘመቻ ይታወጃል። «አንድ ሺህ ሰው ሪፖርት ካደረገው እሱም ይዘጋል» ይባላል፤ ሞደሬተሮቹ ሊንኩን ኮሜንት ላይ ይሰኩታል። የሪፖርት ብዛት ብቻውን ጥፋት እንደማይሆን ፌስቡክ ደጋግሞ ተናግሯል፤ ይናገር። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 23 መሠረተ ቢስ ሪፖርት የሚያዘወትርን ሰው ኩባንያው አስጠንቅቆ ጥቆማውን ለጊዜው እንዳይቀበል ያዛል። ስለዚህ አንድ ቀን እውነተኛ ዛቻ ደርሶብን ሪፖርት ብናደርግ የሚሰማን ላይኖር ይችላል። ለወገን የሚከፈል መሥዋዕትነት እንዲህ ነው። ሪፖርት አድርጎ «ጥፋት አላገኘንም» የተባለ ሰው ራሱ እዚያው ገለልተኛ አካል ዘንድ መሟገት መቻሉ ደግሞ ለዘመቻው ድምቀት ስለማይሰጥ አይነገርም።

ላይቩ ካልሠራ ፔጅ አስመላሹ አለ። በድሮ ዘመን ሌባሻይ የሚባል የሌባ ማውጫ ዘዴ ነበር፤ አንድ ልጅ መጠጥ ቢጤ ይጠጣና እየተወላገደ ሄዶ አንድ ቤት ደጃፍ ይወድቃል፣ ባለቤቱም ሌባ ይባላል። የዛሬው ቴሌግራም ላይ ነው፤ የሚወላገደው እኛ ነን። «ውስጥ ሰው አለኝ» ይላል። ቅድሚያ ገንዘብ ያለ ደረሰኝ ይላክለታል፣ ከዚያ የመታወቂያ ፎቶ፣ ከዚያ በስልክ የመጣው ስድስት አኃዝ ኮድ። ኮዱን የያዘ ሰው አካውንቱን መያዙ ነው፤ ኢሜይሉንና ቁጥሩን ይቀይራል፤ ከዚያ በኋላ ይግባኝ የሚለው «ባለቤት» እሱ ነው። ገለልተኛው አካል ተጠቃሚውን በነጻ ወይም ለስሙ ያህል በሆነች ክፍያ እንዲያስተናግድ ሕጉ ያስገድደዋል፤ ተጠቃሚው ሲረታ የአካሉን ክፍያ በሙሉ የሚሸፍነው ኩባንያው ነው፤ ቢሸነፍም በግልጽ ተንኮል ካልሠራ የኩባንያውን ወጪ አይከፍልም። ነጻ ነገር ግን ያጠራጥራል። አስተዋይ ሰው ከፍሎ ይዘረፋል።

በአጋጣሚ ቅጹን የሚከፍት ቢገኝ እንኳ ጥበባችን አይለየውም። የአካውንቱ ስም «የእናቴ ልጅ» ነው፤ ፓስፖርቱ ላይ ያለው ሌላ። የልደት ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር 1985 ተብሎ ገብቷል፤ መታወቂያው 1993 ይላል። ገለልተኛው አካል የአካውንቱ ባለቤት መሆናችንን ማየት ይፈልጋል፤ እኛም የአንድ ሰው ሁለት ማንነት እናሳየዋለን። በመጀመሪያ የተመዘገበውን ስልክና ኢሜይል አያይዞ፣ ስሙ የመድረክ ስም መሆኑን በአንድ መስመር መናገር ይበቃ ነበር። ልዩነቱ የዘመን አቆጣጠር መሆኑንም እንዲሁ። ግን አንድ መስመር ለእኛ ምናችን ነው? ማመልከቻችን ሦስት ገጽ ነው፤ ከአያት ይጀምራል፣ ስደቱን ይተርካል፣ በሁለተኛው ገጽ ስለ ዓለም አቀፍ ሴራ ያብራራል፣ በመጨረሻ ዳኛውን ይረግማል። የታገደው ቪዲዮ የትኛው እንደሆነ አልተጠቀሰም።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ዋናው ብክነት እዚህ ነውና። የእኛ ክስ ከብዙ ሰው ክስ የተሻለ ዕድል ያለው በቋንቋችን ምክንያት ነው። «አፈር ስሆን ብላልኝ» የምትል እናት፣ «ልሙትልህ» የሚል ወዳጅ፣ «ልጄን! እኔን ይድፋኝ» የሚል አጎት ቃል በቃል በተረጎመው ማሽን ዓይን ሁሉም ራሳቸውን ሊያጠፉ የተነሡ ሰዎች ሊመስሉ ይችላሉ። አማርኛ ከኅብረቱ የሥራ ቋንቋዎች አንዱ አይደለም፤ ፈቃድ ያገኙት አካላት የሚሠሩት በተፈቀደላቸው የአውሮፓ ቋንቋ ነው። ስለዚህ የሚያዋጣው የታገደውን ዓረፍተ ነገር በፊደሉ መጻፍ፣ ከሥሩ ቃል በቃል ትርጉሙን፣ ከዚያ በሥሩ ሰው ሲለው ምን ማለቱ እንደሆነ፣ ማን ለማን በምን አጋጣሚ እንደሚለው፤ በመጨረሻም ኩባንያው የጠቀሰው የውል አንቀጽ ለምን እንደማይመለከተው። ግማሽ ገጽ አይሞላም። ሰምና ወርቅን የፈጠረ ሕዝብ ግን ወርቁን ለባዕድ አያብራራም፤ ሰሙን ልኮ ይረግማል።

ማስረጃ አለማስቀመጥም ባህላችን ነው። ውሳኔ ሰጪው ከኩባንያው ውጭ ስለሆነ የተዘጋ አካውንት ገብቶ ማየት አይችልም። የሚያየው ኩባንያው የሚልክለትንና እኛ የምናያይዝለትን ብቻ ነው፤ ኩባንያው ደግሞ ብዙ ጊዜ አይልክም። ከኩባንያው ምንም ካልመጣ አንዳንዱ አካል ለተጠቃሚው ይወስናል፤ ያኔም ቢሆን ጉዳዩ በወጉ መቅረብ አለበት። የእገዳው ማስታወቂያ ስክሪንሾት፣ ቀኑ፣ የአካውንቱ አድራሻ፣ ሳይዘጋ በፊት የወረደ የአካውንት መረጃ፤ ይሄ ሁሉ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። እኛ ጋ ያለው የላይቩ ቅጂ ነው። እሱም አራት ሰዓት ነው።

ዘመድ አያልቅምና ሌላም ዘዴ አለ። አዲስ አበባ ያለው ሰው ፔጁ ሲዘጋ ስቶክሆልም ያለ የአክስት ልጅ «በእኔ ስም ላስገባልህ» ይላል። ሕጉ የሚያገለግለው በኅብረቱ ውስጥ ለሚገኝ ተጠቃሚ ነው፤ የተዘጋበት ሰው ቦሌ ከሆነ የአክስት ልጅ መኖሪያ ፈቃድ አይተላለፍለትም። የለንደኑም ዘመድ ከብሬግዚት ወዲህ ውጭ ነው፤ የዱባይና የዋሽንግተኑማ ከመጀመሪያውም። አንድን ጉዳይ ለአምስት አካላት በአንዴ መላክም ይወደዳል፤ «አንዱ ይሰማን ይሆናል» ነው ነገሩ። በዚያው ይዘትና በዚያው ምክንያት አንዴ ውሳኔ ካገኘ ግን ኩባንያው በሌላው ዘንድ አልከራከርም ማለት ይችላል። ፈጥኖ የወሰነው ደግሞ የሦስት ገጹን እርግማን የተቀበለው ሊሆን ይችላል።

የሊቃውንቱን ክርክር መርሳት ደግሞ አይገባም። ውሳኔው ኩባንያውን አያስገድድም፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ሁሉ በቡና ላይ «ታዲያ ምን ይረባል?» ይላል። እውነቱን ነው፣ አያስገድድም። ሕጉ ሁለቱም ወገን በቅንነት እንዲሳተፉ ነው የሚጠይቀው፤ ኩባንያው እምቢ ካለ በጽሑፍ የተሰጠው ውሳኔ ፍርድ ቤት ሲኬድ በእጅ ይኖራል፤ የፍርድ ቤቱ በርም አይዘጋም። የሚጠበቀው 90 ቀን ነው፤ ጉዳዩ ውስብስብ ከሆነ በጠቅላላ እስከ 180። ይህ ረጅም ነው ያለው ሰው አራት ዓመት የኮንዶሚኒየም ዕጣ የጠበቀ ነው፤ ታክቶታል፣ አይፈረድበትም።

ለኩባንያው ለራሱ የሚቀርበው የውስጥ ቅሬታም አለ። ነጻ ነው፤ ከውሳኔው ቀን ቢያንስ ለስድስት ወር ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ ብቃት ያለው ሰው ሳይቆጣጠረው በማሽን ብቻ መወሰን አይቻልም። ፌስቡክም ለታገደ አካውንት 180 ቀን ይሰጣል፤ ከዚያ ወዲያ ይግባኝ የለም። እኛ ስድስቱን ወር በቁም ነገር እንጠቀምባቸዋለን። የመጀመሪያው ወር ለላይቭ፣ ሁለተኛው ለዘመቻ፣ ሦስተኛው ለፊርማ ማሰባሰብ፣ አራተኛው ለፔጅ አስመላሽ፣ አምስተኛው ፔጅ አስመላሹን ለመፈለግ። በስድስተኛው ወር አንዱ የተማረ ልጅ «ቅጽ አለ አሉ» ብሎ ኮሜንት ይጽፋል። ልጁ ተላላኪ ነው ተብሎ ብሎክ ይደረጋል።

«አዲሱ ፔጄ 6 (ትክክለኛው)» ሰኞ ማታ ላይቭ አለው። ርእሱ «ለምን አፋችንን ዘጉት?» የሚል ነው። አምስቱን ያያችሁ ይሄንንም ሼር አድርጉ።