የመምህሬ ድምፅ አይለየኝ

ባለፈው ማክሰኞ ማታ ጋቢ ተከናንቤ ምድጃ ዳር ተቀምጬ ሳለ ስልኬ ጮኸ። መምህሬ ናቸው። ኦንላይን የምማረው የማስተርስ ኮርስ የቤት ሥራ ታርሞ መጣ ማለት ነው። ድሮ ቢሆን አንዲት ቀይ መስመርና "ማስረጃ ጥቀሺ" የምትል ቃል አይቼ፣ ትንሽ ተናድጄ፣ በአምስት ደቂቃ እገላገል ነበር። አሁን ሥልጣኔ ነው። የመጣው ድምፅ ነው፤ 11 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ። ያውም ክፍል አንድ።

የድምፅ አስተያየት የሚባለውን ነገር ያመጣልን ሰው እጁ ይባረክ። እጁ ስል ተሳሳትኩ፣ ምላሱ። እጅማ ምኑን ሠራ።

መምህራን ለምን አይጽፉም ብሎ የሚያማ ካለ፣ ኅዳር ወይ ታኅሣሥ ላይ ደብረ ብርሃን ይምጣና በጠዋት አንድ ገጽ ጽፎ ያሳየን። ያለነው ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ በውርጭ ጣት አይታዘዝም። (የኔ መምህር ቤታቸው ሸዋ ሮቢት ነው፣ እዚያ ሰው የሚያልበው ቁጭ ብሎ ነው። ቢሆንም።)

ነገሩ ጥናትም አለው። ፊል አይስ የሚባል አሜሪካዊ ከባልደረቦቹ ጋር እንደ ፈረንጆቹ በ2007 ባሳተመው ጥናት፣ አስተያየቱ ከጽሑፍ ወደ ድምፅ ሲዞር መምህሩ የሚያጠፋው ጊዜ በ75 በመቶ ገደማ ቀነሰ፣ የአስተያየቱ ብዛት ግን በ255 በመቶ ጨመረ። ተማሪዎቹም መምህሩ የቀረባቸው ያህል ተሰማቸው፣ ወደዱት። ጊዜው ሲያንስ ወሬው የሚበዛበት እንዲህ ያለ በረከት እኔ ከጠላ ቤት ውጭ አይቼ አላውቅም። ታዲያ ያ የተረፈው የመምህሩ ሰዓት የት ገባ ካላችሁኝ እኔ ጋ ነው ያለው። ደህና ነው፣ አልጠፋም። ማታ ማታ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ፣ አቁሜ፣ ወደ ኋላ መልሼ፣ "እዚያች ላይ ያልሽው ነገር ጥሩ ነው፣ ያኛው ግን ትንሽ ይቀረዋል" የሚለውን በቃል በቃሉ እገለብጣለሁ። እዚያች የት ናት? ያኛውስ የቱ ነው? የጻፍኩት 22 ገጽ ስለ መንዝ ጓሳ ሣር አጠባበቅ ነው። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ እዚያችም ያኛውም ሞልቷል።

በሁለት እጥፍ ፍጥነት አድምጪው ያለችኝ ጓደኛ አለች። ሞከርኩት። መምህሬ የላምበረት መናኸሪያ ረዳት ሆነው ቁጭ አሉ፤ "ደብረ ብርሃን የሞላ!" ሊሉ ምንም አልቀራቸው።

ሙድል የሚባለው የትምህርት መድረክ ድምፅ መቅጃ አለው፤ ቅንብሩን ማንም ካልነካካው 2 ደቂቃ ሲሞላ ይዘጋል። መምህሬ ይህን ሲሰሙ ቅር አላቸውና ወደ ቴሌግራም ዞሩ። አልፈርድባቸውም። ሙድልን የሠሩ ሰዎች ሸዋን አያውቋትም። በ2 ደቂቃ እኮ ሰላምታው አያልቅም፤ እንዴት ሰነበትሽ፣ ጤናሽስ፣ እናትሽስ፣ ብርዱስ እንዴት አደረጋችሁ፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ መንገዱ ነው እንጂ... በሉ እንግዲህ ከዚህ ወዲያ ነው ምዕራፍ አንድ።

ክፍል ሁለት የተቀዳው መኪና ላይ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማመስገን አለብኝ፣ ምክንያቱም ማንም ታርሞ የተመለሰለት ወረቀት አገር አሳይቶት አያውቅም። መምህሬ ከአዲስ አበባ ወደ ቤታቸው እየሄዱ ነው። ድምፃቸው ኮስተር አለ፦ "ዋናው ችግርሽ፣ ልብ ብለሽ ስሚኝ፣ ዋናው ችግርሽ ምን መሰለሽ..." ይህን ጊዜ ጣርማ በር ደረሱ። ጣሊያን በወረራው ዘመን የቦረቦረው ዋሻ ውስጥ ገቡ። የጫነ መኪና ጉርምርምታ፣ ጥሩምባ፣ ሌላ ጥሩምባ። ከዚያ ብርሃን ላይ ሲወጡ፦ "...ይኸው ነው። እሱን ካስተካከልሽ ሌላው ቀላል ነው።"

ክፍል ሦስት ደብረ ሲና ላይ ነው። በዚያ አገር ላለፈ ሰው አልነግረውም፤ መኪና ሲቆም ቆሎ ሻጮቹ መስኮት ላይ ናቸው። እኔ ግን ድምፁን ለዚያ ነገር ብዬ አልሰማሁትም፣ ማስታወሻ እየያዝኩ ነው። "ምዕራፍ ሁለት ላይ ሐሳብሽ ደህና ነው" አሉ፤ ጻፍኩ። "ትንሽ ጨምሪበት እንጂ!" አሉ፤ ጻፍኩ። "ኧረ ይቺ ምን አላት፣ ጨምሪበት!" አሉ። ተናደው ነው ብዬ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ድረስ ቁጭ ብዬ ሁለት ገጽ ጨመርኩ። ጠዋት ደግሜ ስሰማው ነው "መረቂ እንጂ እቴ፣ ገብሱ ይብዛ" የሚለውን ያገኘሁት።

ሁለቱን ገጽ አላወጣኋቸውም። ለፍቼባቸዋለሁ።

አንዳንድ ምቀኛ የኔታንም ያነሳል። የኔታም የሚያርሙት በድምፅ ነበር ይላል። ልክ ነው፤ ግን ልጁ አጠገባቸው ነው፣ ስንጥሩም ፊደሉ ላይ ነው። ሲሳሳት እዚያው "መልስ!" ይሉታል፣ የቱን እንደሆነ አይጠይቅም። ይሄ ኋላ ቀርነት ነው። እኛ ስንጥሩን ተገላግለናል።

ደግሞ አንድ ሌላ መምህር አሉ፣ ስማቸውን አልጠራም እንዳይቀየሙኝ፣ አንድ ደቂቃ ተኩል የማይሞላ ድምፅ ነው የሚልኩት። "ገጽ 7፣ ሁለተኛው አንቀጽ፣ ማስረጃ የለውም" ብለው፣ "በርቺ ልጄ፣ ጥሩ ይዘሻል" ብለው ያቆማሉ። ያን ቀን እውነቴን ነው ልቤ ሞቀ። እሳቸውን ግን እዚህ አላመሰግናቸውም፤ ባህሉን ያበላሻሉ።

የክፍላችን አንድ ልጅ ጆሮው አይሰማም። በመምህሬ ዘንድ የጽሑፍ አስተያየት የደረሰው ለእሱ ብቻ ነው። "ድምፁን አዳምጠው" ይላል።

በኛ ቤት የዚህ ሁሉ ዋና ተጠቃሚ እማዬ ናት። ማታ ማታ ቡናዋን አቅርባ "የሰውዬው አልመጣም?" ትላለች። ስለ ጓሳ ሣር ከእኔ በላይ አውቃለች፣ አንዳንዴም መምህሩ የሚሉትን "እሱስ እውነታቸውን ነው" እያለች ትደግፍብኛለች። ክፍል ሦስትን ስትሰማ ግን ፊቷ ተለወጠ። "ይሄ ሳል ደግ አይደለም፣ ደረታቸው ውስጥ ነው። ጦስኝ አፍልተው ይጠጡ በያቸው" አለች። እኔም ሁለት ነገር ጻፍኩላቸው፦ አንደኛ፣ ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ የነገሩኝን ዋና ችግሬን እንዲደግሙልኝ። ሁለተኛ፣ ጦስኙን።

መልሱ ትናንት ደረሰ። 9 ደቂቃ ነው። ጦስኙ ፍቱን ነበር፣ ሌሊቱን ሳይስሉ አድረዋል፣ ባለቤታቸውም ጠጥተዋል፣ እናትሽን እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ፣ እንዲህ ያለ ሰው አይጥፋ። እማዬ ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ።