ግጥሙን መጀመሪያ እንስማው

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ የአማርኛ የቤት ሥራዋን ይዛ መጣች። «ኅብረ ቃሉን አውጥታችሁ ሰምና ወርቁን ለዩ» ይላል። ግጥሙን ጮክ ብላ እንድታነብልኝ ጠየቅኳት። ግራ ገባት። «ማንበብ አያስፈልግም እኮ አጎቴ፣ መልሱ ነው የሚፈለገው» አለችኝ።

እሷ ላይ አልፈርድም። እኛም የተማርነው እንደዚሁ ነው። ሰሙን ለይ፣ ወርቁን ለይ፣ በቃ። የቀደሙት ግጥሞቻችን ግን ለጆሮ የተሠሩ ናቸው። ካልሰማናቸው አይገቡንም ባይ ነኝ።

የተሰጣት ግጥም አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲሰዉ የተገጠመው ሙሾ ነው፦

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፣
የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

እስቲ በጣታችሁ ቁጠሩት። መቅ፣ ደ፣ ላ፣ ፋ፣ ፉ፣ ላይ። ስድስት። የ«አፋፉ» «አ» በ«ላ» ተውጣለች። ጩ፣ ኸት፣ በ፣ ረ፣ ከ፣ ተ። ይኸውም ስድስት። የሚቆጠረው ፊደሉ ሳይሆን ከአፍ የሚወጣው ድምፅ ነው። ቀለም የምንለው እሱን ነው። ስድስት ስድስት ቀለም ሆኖ መሃሉ ላይ ትንፋሽ የሚወሰድበት ምት የወል ቤት ይባላል።

አሁን ወደ ሁለተኛው መስመር እንምጣ። አልቃሿ «የሴቱን አናውቅም» ብላ ትቆማለች። እስከዚህ ድረስ የሞተ ሰው የምትቆጥር ነው የሚመስለው። ለቀስተኛው ይጠብቃል። ከዚያ «ወንድ አንድ ሰው ሞተ» ትላለች። ወንድ ጾታ መሆኑ ቀርቶ ጀግና ሆነ። ያ ሁሉ ጩኸት በበረከተበት ቀን ወንድ የሚባል የሞተው አንድ ሰው ብቻ ነው ማለቷ ነው። ወርቁ ያለው እዚያች እረፍት ላይ ነው። እረፍቷን ዘላችሁ ብታነቡት ተራ መርዶ ይሆንባችኋል።

ሌሎችም ምቶች አሉ። ሰንጎ መገን አምስት አምስት ነው። ቡሄ በሉ ደግሞ አራት አራት። ነሐሴ ላይ በየደጁ «ቡሄ በሉ፣ ልጆች ሁሉ» እያሉ የሚጨፍሩት ልጆች ዱላቸውን መሬት የሚመቱት በዚሁ ልክ ነው። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራቸውም፤ ጆሯቸው ያውቀዋል። ክፍል ሲገቡ ግን ያን ጆሮ የሚፈልገው የለም። ያሳዝናል። ከጥያቄው በፊት ተማሪው በሙሉ እያጨበጨበ አንዴ ቢለው እኮ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

«የድሮው ቤት ያስራል» የሚሉ ወጣት ገጣሚዎች አጋጥመውኛል። በዚህ አልስማማም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ስምንት ስምንት ቀለም እየቆጠረ ዛሬ የጸጋዬ ቤት የምንለውን ምት ያመጣው ቆጠራውን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ነው።

የእህቴ ልጅ ሙሾውን ሦስቴ አነበበችው። በሦስተኛው «አናውቅም» ላይ ቆም አለች። ጨረሰችና ቀና ብላ አየችኝ። «እንዴ! ጀግና የሚባለው እሳቸው ብቻ ናቸው እያለች ነው እንዴ?»